ሚትሱሃሩ ሚሳዋ ከቶሺያኪ ካዋዳ (ጁን 3 ቀን 1994)

የሚትሱሃሩ ሚሳዋና የቶሺያኪ ካዋዳ ግጥሚያ ግንቦት 26 ቀን 1986 ዓ.ም. (ጁን 3 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.) በቶኪዮ ከተማ፣ ኒፖን ቡዶካን በተባለው አዳራሽ የተካሄደ የፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ግጥሚያ ነው። አዘጋጁ ኦል ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ የተሰኘው ድርጅት ሲሆን፣ ግጥሚያው የድርጅቱ ከፍተኛ ክብር ለሆነው ለ«ሦስትዮሽ ዘውድ» የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና የተደረገ ነበር። ሻምፒዮኑ ሚሳዋ በ35 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አሸንፎ ክብሩን አስጠብቋል።

ብዙ የዘርፉ ሐያስያን ይህን ግጥሚያ በጃፓን ሬስሊንግ ታሪክ ከታዩት ምርጦች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ከሁሉም የላቀ ነው የሚሉም አሉ። በሌላ በኩል ግጥሚያው የተጠናቀቀበት ውርወራ፣ ተፋላሚን በአናቱና በማጅራቱ ላይ መጣል ስለሚያስከትለው አደጋ በሚደረገው ክርክር ውስጥ በተደጋጋሚ ይነሳል። በዚህ መጣጥፍ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግጥሚያው መረጃ

ቀን፦ ጁን 3 ቀን 1994
ቦታ፦ ኒፖን ቡዶካን፣ ቶኪዮ
አዘጋጅ፦ ኦል ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግ
ሻምፒዮን፦ ሚትሱሃሩ ሚሳዋ
ተገዳዳሪ፦ ቶሺያኪ ካዋዳ
የፈጀው ጊዜ፦ 35 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ
ውጤት፦ ሚሳዋ «ታይገር ድራይቨር 91» በተባለው ውርወራ አሸነፈ

የጨዋታው ባሕርይ

ፕሮፌሽናል ሬስሊንግ (በጃፓኖች አጠራር «ፑሮሬሱ») ከኦሎምፒክ የነጻ ትግል ውድድር ይለያል። አሸናፊው ከግጥሚያው በፊት የሚወሰን ሲሆን፣ ሁለቱ ተፋላሚዎች ተቃራኒ ሆነው እየታዩ በተግባር ይተባበራሉ። አወዳደቁ ግን እውነተኛ ነው። ከትከሻ ከፍታ የተወረወረ ሰው በእርግጥም በጀርባው ይወድቃል፤ በተለይ በጃፓን ጥፊው፣ እርግጫውና የክርን ምቱ በኃይል የሚያርፍ በመሆኑ ደምና ስብራት ያልተለመደ ነገር አይደለም።

አንድ ተፋላሚ የሚያሸንፈው የተጋጣሚውን ሁለት ትከሻ ከመድረኩ ወለል ጋር አጣብቆ ዳኛው እስከ ሦስት እስኪቆጥር ድረስ ሲይዘው፣ ወይም በማነቅና እጅና እግር በማጠማዘዝ እጅ ሲያሰጠው ነው። የወደቀው ሰው ሁለት ተቆጥሮ ሦስተኛው ሊደገም ሲል ትከሻውን ካነሳ ግጥሚያው ይቀጥላል። የታዳሚውን ልብ ሰቅለው የሚይዙት እነዚህ ለጥቂት ያመለጡ ቆጠራዎች ናቸው።

ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ፣ በዚህ ዘርፍ ሒስ ሲጻፍ ጥያቄው «ማን ይበረታል?» የሚል አይሆንም። ሐያሲው የሚመዝነው ግጥሚያው ታሪኩን እንዴት እንደተረከ ነው። ምቱ ክብደት ነበረው ወይ? በአሥረኛው ደቂቃ የተመታ አካል በሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ያምማል ወይ? መጨረሻው ከመጀመሪያው የተወለደ ነው ወይስ በድንገት የተለጠፈ? የ1994ቱ ግጥሚያ የሚደነቀውም የሚተቸውም በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ታሪካዊ ዳራ

ድርጅቱና ቀበቶው

በጃፓን ሬስሊንግን የሕዝብ መዝናኛ ያደረገው በ1950ዎቹ፣ ቴሌቪዥን ገና በተጀመረበት ዘመን ገናና የነበረው ሪኪዶዛን ነው። ከሪኪዶዛን ደቀ መዛሙርት መካከል አንቶኒዮ ኢኖኪ ኒው ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግን፣ ጃያንት ባባ ደግሞ ኦል ጃፓን ፕሮ ሬስሊንግን በአንድ ዓመት፣ በ1972 መሠረቱ። ሁለቱ ድርጅቶች ለረጅም ጊዜ ዋነኛ ተፎካካሪዎች ሆነው ቆይተዋል።

«ሦስትዮሽ ዘውድ» የተባለው ክብር የተፈጠረው አፕሪል 18 ቀን 1989 ነው። በዚያ ዕለት ጃምቦ ትሱሩታ አሜሪካዊውን ስታን ሃንሰንን አሸንፎ፣ ቀድሞ ለየብቻቸው የነበሩትን ሦስት ቀበቶዎች አንድ አደረጋቸው።

በዚሁ ጊዜ አካባቢ የባባ ድርጅት በአጨራረስ ረገድ ትልቅ ለውጥ አድርጓል። በ1980ዎቹ ብዙ ታላላቅ ግጥሚያዎች ተፋላሚዎቹ ከመድረክ ውጭ ሆነው በመቆጠራቸው ወይም በሕግ ጥሰት ምክንያት ያለ ጥርት ያለ አሸናፊ ያበቁ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ዋና ዋናዎቹ ግጥሚያዎች በሦስት ቆጠራ ወይም እጅ በመስጠት መጠናቀቅ ጀመሩ። ታዳሚው እያንዳንዱን ቆጠራ በቁም ነገር የሚያየው ሆነ። ይሁንና ለውጡ የራሱ ዋጋ ነበረው። ትናንት አንድን ሰው ያሸነፈ ውርወራ ዛሬ ካላሸነፈው፣ ነገ የግድ ከዚያ የከፋ ውርወራ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ተፋላሚዎች

ሚሳዋ በ1962፣ ካዋዳ ደግሞ በ1963 ተወለዱ። ሁለቱም በቶቺጊ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በአሺካጋ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩና የትምህርት ቤቱ የትግል ቡድን አባላት የነበሩ ናቸው። ሚሳዋ በአንድ ክፍል ይቀድም ነበር። በጃፓን ትምህርት ቤቶች በቀዳሚ ተማሪ («ሴንፓይ») እና በተከታይ ተማሪ («ኮሃይ») መካከል ያለው የደረጃ ልዩነት ጥብቅ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላም አብሮ ይዘልቃል። ሚሳዋ በ1981 ወደ ባባ ድርጅት ገብቶ መጋጠም ጀመረ፤ ካዋዳ በ1982 ተከተለው።

ሚሳዋ ከ1984 ጀምሮ ፊቱን በነብር ጭምብል ሸፍኖ «ታይገር ማስክ» በሚል ስም ይጋጠም ነበር። በ1990 የድርጅቱ ታላቅ ኮከብ ገኒቺሮ ቴንርዩ ወደ ሌላ ድርጅት በመሄዱ ትልቅ ክፍተት ተፈጠረ። ሜይ 14 ቀን 1990 ሚሳዋ በጥንድ ግጥሚያ መሃል ጭምብሉን እንዲፈታለት አጣማሪውን ጠየቀ፤ የፈታለትም ካዋዳ ነበር። ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ ጁን 8 ቀን፣ ሚሳዋ ትሱሩታን በማሸነፍ አዲስ ዘመን ከፈተ። ሚሳዋ፣ ካዋዳ፣ ኬንታ ኮባሺና አኪራ ታዌ ከዚያ በኋላ «አራቱ ምሰሶዎች» ለመባል በቅተዋል።

ሚሳዋ ኦገስት 22 ቀን 1992 ሃንሰንን አሸንፎ ሦስትዮሽ ዘውዱን ደፋ። ክብሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስጠበቀው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ካዋዳን በመርታት ነው። በ1992 መጨረሻ ሁለቱ ተጣምረው የድርጅቱን ዓመታዊ የጥንድ ውድድር ቢያሸንፉም፣ በ1993 ካዋዳ ከሚሳዋ ተለይቶ ከታዌ ጋር ተጣመረ። ጁላይ 29 ቀን 1993 ለሁለተኛ ጊዜ ሻምፒዮንነቱን ሲገዳደር አሁንም ተሸነፈ። አፕሪል 1994 ላይ ግን ስቲቭ ዊሊያምስን በፍጻሜ ረትቶ «ሻምፒዮን ካርኒቫል» የተባለውን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። ወደ ጁን 3 የመጣው እንግዲህ በሙያው ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ግን የትምህርት ቤት ቀዳሚውን በነጠላ ግጥሚያ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ነው።

የግጥሚያው ሂደት

በቡዶካን ከ16 ሺህ በላይ ታዳሚ ተገኝቷል። ሚሳዋ በአረንጓዴ፣ ካዋዳ በጥቁርና ቢጫ ልብስ መድረክ ላይ ወጡ። እነዚህ የሁለቱ መለያ ቀለሞች ስለነበሩ ፊልሙን ዛሬ ለሚያይ ጀማሪም መለየት አያስቸግርም።

የመጀመሪያው ክፍል ዝግ ያለ ነው። ሁለቱ እየተናነቁ፣ አንዱ የሌላውን ምት እየለካ ይጀምራሉ። የሚሳዋ ዋና መሣሪያ ክርኑ ነው፤ መንጋጋን ከጎን የሚመታበት የክርን ምት በመላው ጃፓን የታወቀ ነበር። ካዋዳ በእግሩ ይመካል፤ ደረትን፣ ፊትንና ማጅራትን እያፈራረቀ ይራገጣል። የሁለቱ ጠባይም በመልካቸው ይታያል። ሚሳዋ ሲመታ ፊቱ እምብዛም አይለወጥም። ካዋዳ ግን ሁሉን ነገር በገላው ይናገራል፤ ሲናደድ ያፈጣል፣ ሲመታ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ለመነሳት ሞክሮ ተመልሶ ይወድቃል።

መሃሉ ላይ የኃይል ሚዛኑ ደጋግሞ ይገለባበጣል። ካዋዳ ከእርግጫው ሌላ የሚሳዋን ራስና ትከሻ አጥብቆ የሚጠመዝዝበትን፣ «ስትሬች ፕለም» የተባለውን የራሱን ማነቂያ ይጠቀማል። ጥቃቱ በአብዛኛው በአንገት ዙሪያ ያተኮረ መሆኑ ልብ የሚባል ነው። ሚሳዋ በክርኑ መልስ እየሰጠ ከሥሩ ይወጣል፤ ከኋላ አቅፎ፣ አንስቶ ወደ ኋላ በሚጥልባቸው ውርወራዎችም ካዋዳን ያዳክማል። በዚህ ክፍል ማንኛቸውም ለረጅም ጊዜ የበላይ አይሆኑም።

በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለቱም ሌላ ጊዜ ግጥሚያ የሚጨርሱባቸውን ውርወራዎች ማውጣት ይጀምራሉ። ካዋዳ ሚሳዋን ወደ ላይ አንስቶ በጀርባው በሚያፈርጥበት በ«ፓወር ቦምብ» ለማሸነፍ ተቃርቦ ነበር፤ ሚሳዋ ከሦስተኛው ቆጠራ በፊት ትከሻውን አነሳ። ሚሳዋም በተራው የታወቁ ውርወራዎቹን ቢጠቀም ካዋዳ እምቢ ብሎ ተነሳ። በዚህ ጊዜ ሻምፒዮኑ ከዕለት ተዕለት ስንቁ የቀረው አልነበረም።

የመጨረሻው ውርወራ

የሚሳዋ የተለመደው «ታይገር ድራይቨር» የጎነበሰውን ተጋጣሚ ሁለት ክንዶች ከኋላ ቆልፎ፣ ወደ ላይ አንስቶ በጀርባው የሚጥል ነው። «ታይገር ድራይቨር 91» የዚህ የከፋ ዝርያ ነው። ክንዶቹ እንደተቆለፉ ሆነው ተጋጣሚው ሳይገለበጥ ቁልቁል በአናቱና በማጅራቱ ላይ ያርፋል። እጆቹ ስለታሰሩ መሬቱን በመዳፉ መመከት አይችልም። ሚሳዋ ይህን ውርወራ በ1991 በታዌ ላይ ከተጠቀመበት በኋላ አስቀምጦት ነበር፤ ቁጥሩም የመጣው ከዚያ ዓመት ነው።

ሚሳዋ ካዋዳን ያሸነፈው በዚህ ውርወራ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ታዳሚ መልእክቱን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገውም። ካዋዳ ተሸንፏል፤ ነገር ግን ሻምፒዮኑን ሊጠቀምበት የማይፈልገውን መሣሪያ እስኪያወጣ ድረስ አስጨንቆታል። ሽንፈቱ በራሱ የክብር ደረጃ ሆነ።

ሒስ

አድናቆት

«ሬስሊንግ ኦብዘርቨር» በተሰኘው ጋዜጣው የሚታወቀው አሜሪካዊ ጸሐፊ ዴቭ ሜልትዘር ለግጥሚያው አምስት ኮከብ ሰጥቶታል፤ ይህም በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ከፍተኛ ውጤት ነበር። በቪዲዮ ካሴት ቅጂዎች አማካኝነት ወደ አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ከተሰራጩት የጃፓን ግጥሚያዎች መካከልም በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ሆኗል።

ከአድናቆቱ ምክንያቶች የመጀመሪያው ቁጠባ ነው። ግጥሚያው ትልልቆቹን ውርወራዎች እስከ መጨረሻው ያቆያቸዋል፤ በዚህም የተነሳ እያንዳንዳቸው ሲመጡ ታዳሚውን ያስደነግጣሉ። ሁለተኛው የሕመም አገላለጽ ነው። ካዋዳ ከባድ ምት ከደረሰበት በኋላ ለአፍታ ቆሞ ቀስ ብሎ የሚፈርስበት መንገድ ከእሱ በኋላ ለመጡ ብዙ ተፋላሚዎች ምሳሌ ሆኗል። ሦስተኛው ያለ ንግግር የሚተረክ ታሪኩ ነው። በአሜሪካ ሬስሊንግ በማይክሮፎን ዛቻ የሚገለጸው ጠብ፣ እዚህ የሚገለጸው ጭምብሉን የፈታለት ሰው የቀዳሚ ተማሪውን ፊት በጫማው ሲመታ ነው።

ትችት

ግጥሚያው ነቀፋም አልቀረለትም። አንደኛው ነቀፋ፣ ሙሉ ኃይሉ የሚሰማው የቀደመውን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የሚል ነው። የ1992ቱንና የ1993ቱን ሽንፈት ያላየ ተመልካች የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሊረዝሙበት፣ የመጨረሻው ውርወራም እንደ ሌላው ውርወራ ሊመስለው ይችላል። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ይህ ጉድለት ሳይሆን የድርጅቱ አተራረክ ባሕርይ ነው፤ እያንዳንዱ ግጥሚያ የአንድ ረጅም ልብወለድ ምዕራፍ ነው ሲሉ ይመልሳሉ።

ሁለተኛው ነቀፋ ውጤቱን ይመለከታል። ካዋዳ በዚያ ምሽት ቢያሸንፍ ኖሮ ታሪኩ በተፈጥሯዊ ጫፉ ላይ ይደርስ ነበር የሚሉ አሉ። ሚሳዋ ዘውዱን ያጣው ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ፣ ጁላይ 28 ቀን፣ ከ705 ቀናት የሻምፒዮንነት ዘመን በኋላ ቢሆንም የረታው ስቲቭ ዊሊያምስ ነው። ካዋዳም ኦክቶበር 22 ቀን ዘውዱን የወሰደው ከዊሊያምስ እንጂ ከሚሳዋ አይደለም።

ሦስተኛውና ከባዱ ትችት የአካል ደኅንነትን ይነካል። የግጥሚያው የመጨረሻ ቅጽበት ኃይሉን ያገኘው ከእውነተኛ አደጋ ነው፤ ታዳሚው የደነገጠው የካዋዳ አንገት ሊሰበር እንደሚችል ስላየ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ታዳሚው ያን ድንጋጤ ለመደው፤ የለመደውን ለማስደንገጥ ደግሞ የበለጠ አደጋ ተፈለገ። በሌላ አነጋገር፣ ግጥሚያው የተመሰገነበት ቁጠባ በቀጣዮቹ ዓመታት አልተጠበቀም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በድርጅቱ ታላላቅ ግጥሚያዎች በአናት ላይ መጣል ተደጋገመ፤ ቀድሞ ግጥሚያ የሚጨርሱ ውርወራዎችም መሸጋገሪያ ሆኑ።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጃንዋሪ 22 ቀን 1999 ሁለቱ እንደገና ለሦስትዮሽ ዘውድ የተጋጠሙበት ምሽት ነው። በዚያ ግጥሚያ መሃል የካዋዳ ክንድ ተሰበረ፤ ፓወር ቦምብ ለመሥራት ያነሳው ሚሳዋም ቁልቁል በአናቱ ወደቀ። ካዋዳ በተሰበረ ክንድ ግጥሚያውን ጨርሶ ቢያሸንፍም፣ በጉዳቱ ምክንያት ክብሩን ለመልቀቅ ተገዷል።

ከግጥሚያው በኋላ

ካዋዳ ሚሳዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሦስት ቆጠራ የያዘው ጁን 9 ቀን 1995 በጥንድ ግጥሚያ ነው። በነጠላ ግጥሚያ የረታው በ1997ቱ ሻምፒዮን ካርኒቫል የማጣሪያ ምሽት ሲሆን፣ ሦስትዮሽ ዘውዱን ከራሱ ከሚሳዋ የወሰደው ሜይ 1 ቀን 1998 ድርጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በቶኪዮ ዶም ባዘጋጀው ዝግጅት ነው። ለዓመታት የተጠበቀው ድል ቢሆንም ብዙ ሐያስያን ግጥሚያውን ከ1994ቱ በታች ያስቀምጡታል፤ ሁለቱም አካላቸው የተጎዳ፣ እንቅስቃሴያቸውም የከበደ ነበር።

ጃያንት ባባ ጃንዋሪ 31 ቀን 1999 ካረፈ በኋላ ሚሳዋ የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2000 ግን ከባለቤቶቹ ጋር ባለመስማማቱ ለቅቆ፣ ከድርጅቱ ተፋላሚዎች አብዛኞቹን ይዞ ፕሮ ሬስሊንግ ኖአህ የተባለ አዲስ ድርጅት መሠረተ። በኦል ጃፓን ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ካዋዳ ነበር። ሁለቱ የመጨረሻ የነጠላ ግጥሚያቸውን ያደረጉት ጁላይ 18 ቀን 2005 በቶኪዮ ዶም ሲሆን፣ ያሸነፈው ሚሳዋ ነው።

ጁን 13 ቀን 2009 ሚሳዋ በሂሮሺማ በጥንድ ግጥሚያ ላይ ሳለ በአንድ የኋላ ውርወራ ወድቆ ሳይነሳ ቀረ፤ ሆስፒታል ተወስዶ በዚያው ምሽት በ46 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ። የሞቱ መንስኤ የአንገት ኅብለ ሰረሰር ጉዳት ነበር። ያ ውርወራ በሬስሊንግ ዓለም በየምሽቱ የሚታይ ተራ ውርወራ በመሆኑ፣ ብዙ ጸሐፊዎች ትኩረታቸውን ለዓመታት በአንገቱ ላይ ወደ ተጠራቀመው ጫና አዙረዋል። ሞቱን በአንድ የተወሰነ ግጥሚያ ማሳበብ አይቻልም። ሆኖም ከ2009 በኋላ የ1994ቱን ፊልም የሚያዩ ሰዎች በአንገት ላይ ያረፈውን እያንዳንዱን ምት በሌላ ዓይን ማየታቸው አልቀረም።

ቅርስ

ግጥሚያው ዛሬም በጃፓንም ሆነ በውጭ ለሚሠለጥኑ ወጣት ተፋላሚዎች እንደ ማስተማሪያ ይታያል። በ2000ዎቹና በ2010ዎቹ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የተነሱ ብዙ ተፋላሚዎች የ1990ዎቹን የኦል ጃፓን አጨዋወት፣ በተለይም የክርን ምቱንና ለጥቂት ያመለጡ ቆጠራዎችን አደራደር ወርሰዋል። ተቺዎች እንደሚሉት ግን ለመቅዳት የቀለለው ውርወራው ነው፤ ውርወራውን ለሦስት ዓመታት አስቀምጦ የመቆየት ትዕግሥት ያን ያህል አልተቀዳም።